ምራቂ

ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዐሥራ ሁለት ወር ነው፤ የምኖረው ግን ዐሥራ ሦስት ወር ነው። ጳጉሜ በመጣች ቁጥር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር ይነሣል። ሒሳብ ክፍል ያለው ባልደረባዬማ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ፊቱ ይጠቁራል። «አምስት ቀን ሙሉ በነፃ!» ይላል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ስድስት ቀን ስትሆንበት ደግሞ ነገሩን የሰብዓዊ መብት ጥያቄ ሊያደርገው ይቃጣዋል።

እኔ በጳጉሜ የሚመጣብኝን ሰው አልወድም። አከራዬ ለጳጉሜ ኪራይ ጠይቀውኝ አያውቁም። የወር ዕቁባችን ጳጉሜን ዘሎ ነው መስከረም የሚገባው። ለሁሉም ነገር ደረሰኝ የሚቆርጠው የልጄ ትምህርት ቤት እንኳ በጳጉሜ ስም ክፍያ የሚጠይቅበትን ዘዴ እስካሁን አላገኘም፤ እባካችሁ እንዳትነግሩት። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። ሌላ ቀን ቢሆን «ብርድ ይመታሃል!» ብላ ጆሮ የምትቆነጥጠው እናት ያን ቀን በረንዳ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ጸበል ነዋ! እንግዲህ ሠላሳ ሠላሳ ቀን እየተመዘነ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ከተሰጠን፣ ሚዛኑም ከወረደ በኋላ፣ ከላይ ጣል የተደረገችልንን ነገር ምን ትሏታላችሁ? የዓመቱ ምራቂ ናት።

ምራቂ ምን እንደሆነ ጉሊት ቆሞ ሽንኩርት ለገዛ ሰው አይነገረውም። ከሱፐርማርኬት በቀር ለማያውቁት ግን ትንሽ ላብራራ።

እኛ የምንኖርበት የጀሞ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ጉሊት የሚቸረችሩ አንድ እናት አሉ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ጤና አዳም ይዘው ይቀመጣሉ። ሚዛን ላይ ጨካኝ ናቸው። ሚዛኑ ወደ ደንበኛ ትንሽ ዘንበል ያለ እንደሆነ ትልቁን ሽንኩርት አንሥተው በትንሽ ይለውጡታል፤ አሁንም ከበዛ ትንሹን በሌላ ትንሽ። እዚያ ላይ ዘመድ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ነፍስ አባትም ቢመጡ የለም። ገንዘቡን ተቀብለው፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ መቀነታቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ ግን ሌላ ሴት ይሆናሉ። እጃቸው ወደ ቃሪያው ክምር ይሄድና ሳያዩ ሁለት ሦስት ፍሬ አንሥተው ዘንቢላችሁ ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብትሏቸው አልሰሙም። ዘወር ብለው የሚቀጥለውን ደንበኛ ያናግራሉ። ስለ ሸጡላችሁ ሽንኩርት ከሳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት መከራከር ትችላላችሁ፤ ስለ ሰጧችሁ ቃሪያ ማውራት ግን ነውር ነው።

ምራቂ ይከጀላል እንጂ አይጠየቅም። ባለቤቴ በዚህ የተካነች ናት። ሒሳቡን ከፍላ ልትሄድ እንደተነሣች ዞር ትልና፣ «ውይ እማማ፣ ቃሪያው ዛሬ እንዴት ያምራል!» ትላለች። ሌላ ምንም አትልም። እኔ ይህ ጥበብ ስለሌለኝ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ትንሽ ሰንበት ብሎ መቆምም ይሠራል። በቀደም አንድ ጎረምሳ ግን ፊት ለፊት፣ «ምራቂስ የለም እንዴ?» አላቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተ መርቀኝ እንጂ ልጄ! ምርቃት የሚያስፈልገውስ ለእኔ ነው» አሉት። ልጁ ደነገጠ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ከክፉ ነገር ይሰውርዎት» እያለ በአደባባይ መረቃቸው፤ እኛም «አሜን» አልን። አንድ ቃሪያ አገኘ።

የዋጋ ንረትን ባለሙያዎች የሚለኩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። እኔ የምለካው በቃሪያ ነው። ድሮ እፍኝ ሙሉ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት፣ አንድ ሰሞንማ አንዲት የጤና አዳም ቅጠል ብቻ ተሰጥታኝ ወደ ቤት ተሸክሜያታለሁ። ባዶ እጄን ግን ሄጄ አላውቅም። ሒሳብ ክፍል ያለው ባልደረባዬ ይስቅብኛል። «የዋህ ነህ! የቃሪያው ዋጋ እኮ ሽንኩርቱ ላይ ተደምሯል» ይለኛል። ይሆናል። እሱ በሚገዛበት ሱፐርማርኬትም ሽንኩርቱ ላይ ብዙ ነገር ተደምሯል፤ ቃሪያ ግን አይሰጡትም።

የቀናችንም ዋና ዋናው ነገር፣ ሥራው፣ መንገዱ፣ ደመወዙ፣ ተመዝኖ ነው የሚሰጠን፤ ብዙ ጊዜም ከሚዛኑ ይጎድላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሳያብድ እንዴት ያመሻል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከላይ ጣል በምትደረገው ነገር ነው ባይ ነኝ። በበኩሌ ማታ ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ የዕለቱን ምራቂ እቆጥራለሁ። ሌላ የምቆጥረው ገንዘብ የለኝም።

የመጀመሪያዋ ጠዋት ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የጀሞን ብርድ ያላየ ሰው አዲስ አበባ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተቆረቆረች አይገባውም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከፊታችን ባሉት ሁለት ሕንፃዎች መካከል የምታልፍ ፀሐይ የኛን ሕንፃ ግድግዳ አግኝታ ታርፍበታለች። ሰፊ አይደለችም፤ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለውን ክፍተት ታክላለች። ሥራ የሚሄደው፣ ጡረታ የወጣው፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሸኘው፣ ሌሊቱን ያደረው ጥበቃ፣ ሁሉም ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እዚያች ላይ ይቆማል። ቦታዋ ቀጭን ስለሆነች የግድ ተሰልፈን ነው የምንሞቀው። አንድ ቀን ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ጀሪካን ይዛ ስታልፍ አየችንና ሮጣ መጥታ ከኋላችን ቆመች። ጥቂት ቆይታ ከፊቷ ያሉትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ዘይት መጥቶ ነው?» አለቻቸው። «የለም ልጄ፣ ፀሐይ ነው» አሏት። ትሄዳለች ስንል እዚያው ቆማ ሞቀች። ዛሬ ከሁላችንም ቀድማ ነው የምትመጣው።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለው ምራቂ ጋቢና ነው። ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ ያለውን መንገድ ከኋላ ወንበር፣ አራት ሰው መሀል ተጣብቆ መሄድና ጋቢና መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መሄድ ዋጋቸው አንድ ነው። ተሰላፊ የሚያዝበት ነገር አይደለም፤ ተራችሁ ሲደርስ ጋቢናው ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት የናንተ ነው። (መስኮቱ ጋ ነው ያልኩት። ማርሹ ጋ የሚቀመጠው ሰው ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቱን ስለሚያበድር እሱን ከጋቢና አልቆጥረውም።) ድሮ ረዳቶቹ «ብሮ፣ ጋቢና ግባ!» ይሉኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ፋዘር» ሆኛለሁ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለፋዘር ጋቢና ቶሎ ቶሎ እንደሚሰጥ ስለገባኝ ሽበቴን መቀባት ትቻለሁ።

እዚያው ታክሲ ውስጥ ሌላም አለ፤ ማስነጠስ። ቤቴ ሳስነጥስ የሚሰማኝ የለም። ታክሲ ውስጥ ግን ከፊትም ከኋላም «ይማርህ!» «ይማርህ!» ይዘንብልኛል፤ ወሬ ላይ የነበረው ወሬውን አቋርጦ፣ ስልክ ላይ የነበረው ስልኩን ከጆሮው ነቅሎ። «ያኑራችሁ» ብዬ እመልሳለሁ። በአንድ ሰው ሒሳብ የመኪና ሙሉ ሰው ምርቃት ይዞ መውረድ ርካሽ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ማኪያቶ ይመጣል። ቡናውን ያበቀልነው እኛ ነን፤ ማሽኑን ያመጣው ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማችንን ይዞ፣ በአርበኞች መከራውን በልቶ ተባረረ፤ ጋቢናውን፣ ፍሬኑን፣ ጎሚስታውን፣ ፓስታውን ግን አፋችን ላይ ትቶልን ሄደ። አሸናፊ ሁሉ ምራቂ ይገባዋል። የኔዋ አስተናጋጅ ስገባ ምን ልታዘዝ አትለኝም። ከሩቅ አገጯን ቀና ታደርጋለች፣ እኔም አደርጋለሁ፤ ጠቆር ያለ ማኪያቶ በትንሿ ብርጭቆ ይመጣል። በዚህ ከተማ ውስጥ ሳልሰለፍ፣ ሳላስረዳ፣ መታወቂያ ሳላሳይ የምታወቅበት ቦታ ያ ካፌ ብቻ ነው።

የካፌው ትልቁ ምራቂ ግን ማኪያቶው አይደለም። ጠጥቼ ጨርሼ፣ ጋዜጣዬን አጥፌ፣ «ስንት ነው?» ስላት አስተናጋጇ «ተከፍሏል» ያለችኝ ቀን ነው።

«በማን?»

በአገጯ ወደ በሩ ታሳየኛለች። በሩ ላይ ማንም የለም።

ይህ ነገር እንዲያምር ከፋዩ መሄድ አለበት። ካልሄደማ ጦርነት ነው። ሁለት ሐበሻ አብረው ማኪያቶ ጠጥተው ሲነሡ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዱ እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ ሌላው ክንዱን ይይዘዋል። «ኧረ በሞቴ!» «ኧረ እናቴ ትሙት!» ይባላል። ያቺ ምስኪን እናት ባልጠጣችው ማኪያቶ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሞት እግዜር ይወቀው። አስተናጋጇ ከሁለት ወገን ብር እየተዘረጋላት መሀል ትቆማለች፤ የአንዱን ከተቀበለች ሌላው ይቀየማታል። ልምድ ያላቸው አስተናጋጆች እንደሚነግሩኝ እውነተኛው ከፋይ ድምፁ አይሰማም። እሱ ገና ወሬው ሳያልቅ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ ካሸሯ ጋ ደርሶ ተመልሷል። ጮክ ብሎ በእናቱ የሚምለው ሰውዬ ግን፣ ልብ ብላችሁ እዩት፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው ያለው። ገብቷል፤ አይወጣም። እንዲህ ዓይነት አንድ ወዳጅ አለኝ። ዐሥር ዓመት አብረን ጠጥተናል፤ ቦርሳው ቡናማ ይሁን ጥቁር አላውቅም። ሲምልልኝ ግን ከልቡ ነው።

ሳያሳውቅ ከፍሎ የሚሄደው ሰው ይህን ሁሉ ያስቀርልናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ እሱ አይደለም ነገሩ። አንድ ሰው ገብቶ፣ ጥግ ላይ አይቶኝ፣ ሰላም ቢለኝ ወሬ እንደሚረዝም አውቆ ትቶኝ፣ ግን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ ከብዶት እጁን ኪሱ ከቷል፤ አውጥቷልም። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቢሮ የምመለሰው። ችግሩ ማን እንደሆነ አለማወቄ ነው። ስለዚህ የጠረጠርኩትን ሁሉ አብዝቼ ሰላም እላለሁ። የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገብ ሕመሙ ጠየቅሁት፤ ግራ ገብቶት «ምነው፣ ገንዘብ ፈልገህ ነው?» አለኝ። እሱ እንዳልሆነ በዚህ ዐወቅሁ።

ምሳ ላይ ብዙ አልቆይም። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ነው፤ ሙስሊሙ ባልደረባችንም ከኛው ጋር ሽሮውን ይጠቅሳል፣ በረመዳን ደግሞ እኛ የሱን ሳምቡሳ እንሻማለን። የምግብ ቤቷ ባለቤት ድስቱን ይዛ እየዞረች «ልጨምርላችሁ?» ትላለች፤ ያቺ ጭልፋ ሽሮ ሒሳብ ውስጥ አትገባም። ጾምን ካነሣሁ አይቀር ቤተ ክርስቲያን በምራቂ ማንም የማይደርስባት መሆኗን ልናገር። ሃምሳ አምስት ቀን ዐቢይ ጾም አስጹማን፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብን እንኳ ሳትቆጥር ጥብስ ታስበላናለች። ሃምሳ አምስት ተመዝኖ ሃምሳ ሲመረቅ የትኛው ጉሊት ላይ አይታችኋል?

የሐሰት ምራቂዎችም አሉ፤ እነሱን አለማጋለጥ ተባባሪነት ነው። ባለሱቁ ዝርዝር የለኝም ብሎ በመልስ ፈንታ የሚያስታቅፋችሁ ማስቲካ ምራቂ አይደለም፤ በግድ የተሸጠላችሁ ዕቃ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ይኸ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ጥርሴም ተርፏል። ስልካችሁ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት!» ብሎ የሚመጣው የደቂቃ ስጦታም አይደለም። እስከ እኩለ ሌሊት ካልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል። እኩለ ሌሊት ላይ ደውዬ ማንን ልቀስቅስ? ቨርጂኒያ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ እዚያ አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ ይሰጣል እያለ ይመጻደቅብናል። ግድግዳ ላይ ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦለት የሚሰጥ ነገር ምራቂ ሳይሆን ቅናሽ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና አንድ ነገር ነገረኝ። እዚያ ካለ የሐበሻ ሱቅ እንጀራ ገዝቶ ሊወጣ ሲል፣ ባለሱቋ ጠርታ ከራሷ ሳህን ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት። ለዚያ ሱቅ ሲል አሁን ግማሽ ሰዓት መኪና ይነዳል። በመንገዱ ላይ እንጀራ የሚሸጡ ሌሎች ሱቆች አሉ።

ማታ ወደ ቤት ስገባ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ መብራት የለም፤ የምወጣው በስልኬ ብርሃን ነው። ደረጃው መሀል እንዳለሁ ድንገት ብርሃን ይሆንና የሕንፃው ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ፣ «መጣ!» ማንም አስተምሯቸው አይደለም። እኔም ልጅ ሆኜ ጮኼያለሁ። አሁን ጎልማሳ ስለሆንኩ በሆዴ ነው የምጮኸው። መብራቱ መጀመሪያውኑ መሄድ አልነበረበትም፤ የከፈልንበት ነው። ሲመለስ ግን እንደ ስጦታ ተቀብለን እንጨፍራለን። ሒሳብ ክፍል ያለው ባልደረባዬ ይህን ቢያይ ታሞ ይተኛል።

ቡናው የሚጠጣው እታች፣ ምድር ቤት ካሉ አንዲት እናት ዘንድ ነው። በየተራ ነው የሚፈላው፣ ግን የማንም ተራ ቢሆን የሚጠጣው እሳቸው ቤት ነው፤ ሌላው ሰው ጀበናውን ይዞ ይወርዳል። አቦል ሲቀዳ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ስለ ጤና ይጠያየቃል፣ ቡናው ይመሰገናል፣ ፈንዲሻው ይዞራል። ቶና ላይ ኑሮ ይወራል፤ ዘይት፣ ጤፍ፣ የቤት ኪራይ። በረካ ሲደርስ ቡናው ቀጥኖ የስኒው ታች ይታያል። ለመጠጣት ከሆነ እዚህ ላይ መነሣት ነበረብን። ግን አንድም ሰው አይነሣም። ምክንያቱም ዋናው ወሬ የሚመጣው በበረካ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ሽማግሌ ሊላክባት መሆኑን የሰማነው በበረካ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለምን ሥራ እንደለቀቁም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ሥራ ደርሶባት ከቶና ላይ ተነሥታ ሄደች፤ ከእሷ በቀር የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የራሷን ባል ጉዳይ በሳምንቱ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ቢቃጠልም በረካን ሳትጠጣ አትሄድም።

ሌሊትም ምራቂ አለ። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ የፈረቃችን ቀን ይታወቃል፣ በዚያ ቀን ሲመጣ የሚገባንን አገኘን እንጂ ማንም አይደሰትም። ከፈረቃው ውጭ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስሎ ማንጠባጠብ ሲጀምር ግን ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ኃይል ኖሮት የሚደርሰው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ሳትነቃ ተነሥታ ጀሪካን መደርደር ትችላለች። በዚህ መሀል ስልኬ ይጠራል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ነው። በደረጃ ጽዳት ተጣልተን ከመስቀል ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም፤ ቀን ላይ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሁለታችንም ግድግዳውን ነው የምናየው። «ውሃ መጥቷል» ይለኛል። «አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እለዋለሁ። ይዘጋዋል። ሲነጋ ኩርፊያችን እንደነበረ ይቀጥላል። ይህ ጎረቤቴ ከታረቅን መደወሉን ይተው ይሆናል ብዬ ስለምፈራ ለእርቁ አልቸኮልኩም።

የኔ ዝርዝር ይኸው ነው። የናንተ ሌላ ይሆናል፤ ሊስትሮው ሳትጠይቁት የጫማችሁን ክር ሲያስርላችሁ፣ ወይም ክረምት ላይ ካፖርት ኪስ ውስጥ የተረሳ መቶ ብር ስታገኙ። ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየሰልፉ የተመዘነለትን ሲቀበል ውሎ ከሚዛኑ ውጭ ያገኘውን ለማንም ሳይናገር ይዞ ይገባል። እኔ የተናገርኩት ጉዳይ ስላለኝ ነው።

ጉዳዬ ይህ ነው። አራት ሰዓት ገደማ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ፋዘር ለመባል የደረሰ ሰው ካያችሁ፣ ሰላም አትበሉኝ። ካሸሯ ጋ ሄዳችሁ ሒሳቤን ከፍላችሁ ውጡ። ጠቆር ያለ ማኪያቶ ነው። ረቡዕና ዓርብ የመጣችሁ እንደሆነ ጥቁር ቡና ነው የምጠጣው፤ እሱ ይረክሳል።